60 ኪሎ ማግኔት ሰብስቤያለሁ፣ «ሬር ኧርዝ ነው» አሉኝ፣ ምን ላርገው? (የባለሙያ ምላሽ)

ጥያቄው ከሸዋ ሮቢት ነው የመጣው፣ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሱቅ አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከቆራሌዎች እየገዛሁ ከስፒከር፣ ከባጃጅ፣ ከኮምፒውተር ያወጣሁት 60 ኪሎ የሚሆን ማግኔት በማዳበሪያ ከረጢት ቁጭ ብሏል። አንዱ ሬር ኧርዝ የሚባል ውድ ነገር አለበት፣ በኪሎ ብዙ ሺህ ብር ያወጣል አለኝ፣ ሌላው ደሞ በባትሪ አሲድ አሟሙተህ ለብቻው አውጣው አለኝ። የቱን ልስማ? ፎቶ አያይዣለሁ።»

ወንድሜ ሁለቱንም አትስማቸው። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው ያወራህ፣ የሁለተኛው ምክር ግን ዓይንህን ነው የሚያሳጣህ፣ አሲዱ ጋ ስደርስ እነግርሃለሁ።

እኔ ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት፣ ጥገናውን ቀነስ አርጌ ማፍረሱ ላይ ከገባሁ ቆየሁ፣ የሞተ ኮምፒውተርና ሞተር እየፈታሁ መዳቡን ከመዳብ፣ አልሙኒየሙን ከአልሙኒየም፣ ማግኔቱን ከማግኔት መለየት ነው ስራዬ፣ ስለዚህ ያንተን ከረጢት የሚመስል ብዙ አይቻለሁ።

ፎቶህን አጉልቼ አየሁት። ደስ አይልህም ግን ከ60 ኪሎው 50ው ጥቁሩ ነው፣ የስፒከር ቀለበትና የባጃጅ ቅስት። እሱ ፌራይት ይባላል፣ የብረት ኦክሳይድ ከስትሮንቲየም ወይ ከባሪየም ጋር ተቀላቅሎ እንደ ሸክላ የተተኮሰ ነው፣ ሬር ኧርዝ የሚባሉት እንደ ኒዮዲሚየም ያሉ ብረታብረቶች የሉበትም፣ ርካሽ ስለሆነ እኮ ነው ስፒከር ሰሪው ግማሽ ኪሎ ሳይሳሳ የሚጭንበት። አንተ የምትፈልገው ያንን የሚያብረቀርቀውን፣ ትንሽዬውን፣ ካቻቪትህን ይዞ አለቅም የሚለውን ነው። ሙሉ ስሙ ኒዮዲሚየም ብረት ቦሮን ነው፣ እኛ ኒዮ ነው የምንለው። ከክብደቱ 30 በመቶ ገደማው ሬር ኧርዝ ነው፣ አብዛኛው ኒዮዲሚየም ሆኖ ፕራሲዮዲሚየም የሚባል ወንድሙ ተቀላቅሎበት፣ 1 በመቶ ገደማ ቦሮን፣ የቀረው ተራ ብረት። ስለዚህ 1 ኪሎ ንጹህ ኒዮ ያዝኩ ስትል የያዝከው 300 ግራም ነው፣ እሱም ከብረቱ ጋር ተጋብቶ። ያ ሰውዬ ኢንተርኔት ላይ ያየው ተጣርቶ ለብቻው የወጣውን ዋጋ ነው፣ ገብስ ይዘህ የጠላ ዋጋ ጠይቅ እንደማለት ነው።

አንድ የሚጠቅምህ ታሪክ ልንገርህ። ኒዮ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ጃፓን ውስጥ ማሳቶ ሳጋዋ ሱሚቶሞ ሆኖ፣ አሜሪካ ውስጥ ደሞ ጆን ክሮት ጄኔራል ሞተርስ ሆኖ፣ ሁለቱ ለየብቻ ደርሰውበት ይፋ ያረጉት ነው፣ በኛ 1976 መሆኑ ነው። ስለዚህ ቆራሌው ከዛ በፊት የተሰራ ሬዲዮ ወይ ቴፕ ይዞ ከመጣ ለኒዮ ብለህ አንድ ብሎን አትፍታ፣ ውስጡ ወይ ፌራይት ነው ወይ አልኒኮ (ከአልሙኒየም፣ ከኒኬልና ከኮባልት የሚሰራው የድሮ ማግኔት)።

አሁን ወደ መለየቱ። ከሁሉ በፊት አራት የእንጨት ሳጥን አዘጋጅ፣ የብረት በርሜል እንዳታረገው ተጣብቆብህ ቀኑን ሙሉ ስትታገል ትውላለህ። መጀመሪያ የተሰበረ ጠርዙን እይ፣ ፌራይት ሲሰበር ውስጡም ውጪውም ያው ጥቁር ግራጫ ነው፣ እንደ ገል፣ ቅብ የለውም። ኒዮ ላይ ብርማው የኒኬል ቅብ ተላጦ ከስሩ ጠቆር ያለ የብረት ስባሪ ታያለህ፣ እርጥበት ከነካው ደሞ ዝጎ ይፈረፈራል። ቀጥለህ መልቲሜትርህን ድምጽ የሚሰጠው ላይ አርገህ ሁለት ቦታ ነካ አርገው፣ ኒዮ ይጮሃል ፌራይት ዝም ይላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚች ጋ ነው፣ ጥቁር ኢፖክሲ የተቀባ ኒዮ አለ፣ ሲያዩት ፌራይት ይመስላል ሜትሩም አይጮህለትም፣ በምላጭ ጫር ጫር አርገህ ነው መለካት ያለብህ።

እኔ የማምነው ግን ውሀና ሚዛን ነው፣ ይቺን ጠጋ ብለህ ተከተለኝ። ግራም የምትለካ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ካለችህ መጀመሪያ በላይዋ ላይ አንድ ዲንጋይ የሚያህል የእንጨት ጉማጅ አስቀምጥ፣ ማግኔቱ የሚዛኗን ብረት ሲስብ ቁጥሩን ስለሚያበላሸው ከፍ ማለት አለበት፣ ማግኔቱን ከላይ ስታንዣብበው ቁጥሩ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ገና አልራቀም ማለት ነው። ማግኔቱን ደረቁን መዝን። ከዛ ውሀ ያለበት የፕላስቲክ ኩባያ እንጨቱ ላይ አርገህ ሚዛኑን ዜሮ በለው፣ ማግኔቱን በክር አንጠልጥለህ ሙሉ ለሙሉ ውሀው ውስጥ አስገባው፣ ታችኛውንም ጎኑንም እንዳይነካ። ሚዛኑ የሚያሳይህ ቁጥር የማግኔቱ ይዘት (ቮልዩም) ነው። ደረቁን ክብደት ለዛ ታካፍለዋለህ። ባለፈው ከአንድ የሶላር ፓምፕ የወጣ ጥቁር ቁራጭ ነበረኝ፣ ለፌራይት ሳጥን ልወረውረው ስል ተጠራጠርኩና መዘንኩት፣ ደረቁ 38 ግራም፣ ውሀ ውስጥ 5.1 አሳየኝ፣ ሲካፈል 7.45። ኒዮ ከ7.4 እስከ 7.6 ነው። ፌራይት ቢሆን ኖሮ ያው 38 ግራሙ 7.8 አካባቢ አሳይቶ 4.9 ነበር የሚመጣው። 8.3 አካባቢ ከመጣልህ ደሞ ሳማሪየም ኮባልት የሚባለው ሌላኛው የሬር ኧርዝ ማግኔት ነው፣ አልፎ አልፎ ነው የሚገኘው፣ ቅብ ላይኖረው ይችላል ግን አይዝግም፣ ከወደቀ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል፣ ለብቻው አስቀምጠው። አልኒኮ ከ7 ትንሽ ከፍ ይላል፣ ለኒዮ ቢቀርብም ረዘም ያለ ወይ የፈረስ ኮቴ የሚመስል ስለሚሆንና ጉልበቱም ደካማ ስለሆነ አያሳስትህም።

ኒዮው ከየት ይገኛል ካልከኝ፣ ሃርድ ዲስክ አንደኛ ነው። ትልቁ የዴስክቶፑ ከ10 እስከ 20 ግራም ኒዮ ይሰጥሃል፣ የላፕቶፑ ግን 2 ወይ 3 ግራም ብቻ፣ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው አዲሱ ዓይነት) ምንም። እንግዲህ አስበው፣ አንድ ኪሎ ለመሙላት 70 ትልልቅ ሃርድ ዲስክ ያስፈልግሃል። ከዛ ወዲያ የኤሌክትሪክ ሞተርሳይክልና ሳይክል የጎማ ሞተር፣ ብረሽ አልባ የሶላር ፓምፕ፣ የሲዲ ማንበቢያዋ ሌንስ አጠገብ ያሉት ሚጢጢዎች፣ የስልክ ስፒከርና ንዝረት፣ የጆሮ ማዳመጫ። የባጃጅ ቮላኖ አብዛኛው ፌራይት ነው፣ የሞተሪኖ ማግኔቶችም እንደዛው፣ የፍሪጅ በር ላስቲክም ፌራይት ዱቄት ነው። የማይክሮዌቭ ማግኔትሮን ላይ ያሉት ሁለት ቀለበቶችም ፌራይት ናቸው፣ እሱን ባትነካው እመርጣለሁ፣ ካፓሲተሩ ተነቅሎም ይመታል፣ አንዳንዱ ማግኔትሮን ላይ ያለው ነጭ ሴራሚክ ደሞ ቤሪሊየም አለበት፣ ሲሰበር አቧራው ሳንባ የሚገድል ነው። እና እባክህ የወፍጮ ቤት ሞተር፣ የድሮ የውሀ መሳቢያ ዲናሞ፣ የጣሪያ ፋን ለማግኔት ብለው የሚሰባብሩ ልጆች አይቻለሁ፣ እነሱ ኢንዳክሽን ናቸው፣ ውስጣቸው መዳብና ላሜራ ነው እንጂ ማግኔት የሚባል የለም። የኤሌክትሪክ መኪናው ሞተር ከ1 እስከ 2 ኪሎ ኒዮ ይይዛል፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተባለ ወዲህ መንገዱ ላይ በዝቷል፣ ግን ገና አዲስ ናቸው፣ ቁርጥራጫቸው ቆራሌ እጅ እስኪገባ ጊዜ አለ፣ ሲገባም ባትሪው ስንት መቶ ቮልት ስለሆነ ሳይሰለጥኑ የሚከፍቱት አይደለም።

ሃርድ ዲስኩን አከፋፈት። የኮከብ ካቻቪት ያስፈልግሃል፣ 6 እና 8 ቁጥር ካለህ ይበቃል፣ አንድ ብሎን ደሞ ስቲከሩ ስር ተደብቆ አለ፣ ክዳኑ አልከፈት ሲልህ በመዶሻ ከመምታትህ በፊት እሱን በጣትህ ዳብሰህ ፈልገው። የላፕቶፑን ዲስክ አታጥፈው፣ ብዙ ጊዜ ብርጭቆ ነው፣ ፊትህ ላይ ነው የሚበተነው። ማግኔቱ ሁለት የብረት ሳህን መሃል ነው፣ ከሳህኑ ጋር በኮላ ተጣብቋል፣ ሰው ሁሉ በካቻቪት ፈልቅቆ ሊያነሳው ሲል ይሰብረዋል። እኔ የማደርገው ሳህኑን ሞርሳ ላይ አስሬ ጫፉን በትልቅ ፒንሳ ቀስ ብዬ ማጠፍ ነው፣ ብረቱ ሲታጠፍ ማግኔቱ ስለማይታጠፍ ኮላው ጠርዙ ላይ ቀጭ ይልና ይለቃል፣ ከዛ በቀጭን የእንጨት ሽብልቅ ገፋ። መነጽር ግዴታ ነው። ጓንትም። እኔ አንድ ጠዋት፣ የደብረ ብርሃንን የህዳር ጠዋት ታውቀዋለህ፣ ጣቴ ደንዝዞ ጓንቱ አስቸገረኝ ብዬ አወለቅኩትና አንዱን ማግኔት በግራ እጄ ይዤ ሌላኛውን ጠረጴዛው ላይ ስጎትት ከሁለት ሶስት ጣት ርቀት ዘሎ መጣና የሌባ ጣቴን ቆዳ መሃሉ ከተተው፣ ስለደነዘዘ እኮ መጀመሪያ አላመመኝም፣ ደም ሳይ ነው ያወቅኩት፣ ጠርዙም ተሰብሮ ስባሪው ጉንጬ ላይ ነበር። የሃርድ ዲስክ ሲሆን እንዲህ ነው፣ የጎማ ሞተሩ ደሞ ቀለበቱ ዙሪያውን ከ40 በላይ ቁራጭ ተደርድሮበታል፣ መሃሉን ሞተር በእጅህ ልጎትት ካልክ መልሶ ሲዘጋ ጣት ይቆርጣል፣ በፑለር (በመንቀያ መሳሪያ) ብቻ፣ አንድ ሰው ይዞልህ።

ሌላ የማይነገር ነገር አለ፣ ኒዮውን ራሱ በመጣበት ለያየው፣ የሃርድ ዲስኩን በአንድ ሳጥን፣ የሞተሩን በሌላ። ለምን መሰለህ፣ ተራ ኒዮ ከ80 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ጉልበቱን ማጣት ይጀምራል፣ ሞተር ደሞ ይግላል፣ ስለዚህ ሙቀት እንዲችል ዲስፕሮሲየም የሚባል ሌላ ሬር ኧርዝ ይጨምሩበታል፣ እሱ ከኒዮዲሚየም በጣም ይወደዳል። የሃርድ ዲስኩ ላይ ግን እምብዛም የለም። ቻይና በኤፕሪል 2025 ከአገሬ ያለ ፈቃድ አይወጣም ያለቻቸውን ሰባት ሬር ኧርዞች ብታይ ዲስፕሮሲየም፣ ተርቢየምና ሳማሪየም አሉበት፣ ኒዮዲሚየም ራሱ የለበትም። የማግኔቱ ወሬ ሰው አፍ ላይ የበዛው ከዛ ወዲህ ነው፣ ግን ወሬው ሲደርሰን ይቺ ልዩነት መንገድ ላይ ቀርታለች። ገዢ ቢመጣ መጀመሪያ የሚጠይቅህ ከምን ወጣ ብሎ ነው፣ ደባልቀኸው ከሆነ በርካሹ ሂሳብ ይይዝልሃል፣ መሃሉ ፌራይት ካገኘበት ጭራሽ ትቶት ነው የሚሄደው።

አሲዱ ጋ ደረስን። የባትሪ አሲድ ኒዮን ያሟሟል፣ እውነት ነው። ሲያሟሟ ሃይድሮጂን ጋዝ እያፈላ ነው፣ ጠባብ ሱቅ ውስጥ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። የምታገኘው ደሞ አብዛኛው የብረት ውሀ ነው፣ 100 ግራም ስታሟሟ 70ው ብረትና የቅቡ ኒኬል ነው አብሮ የሚሟሟው። ከዛ ውስጥ ሬር ኧርዙን ማርጋት ላብራቶሪ ያለው ኬሚስት ይችላል፣ ኒዮዲሚየሙን ከፕራሲዮዲሚየም መለየት ግን ባህሪያቸው መንትያ ስለሆነ ፋብሪካ ውስጥ እንኳን ስንትና ስንት ጋን ተደርድሮ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተገላበጠ ነው የሚሰራው። ደሞስ ትርፍ አሲዱን የት ልትደፋው ነው? ሮቢ ወንዝ? ሽንኩርቱ የሚጠጣው እሱን አይደል እንዴ።

ግራይንደርም እንዳታስጠጋበት። እኔ የድሮ ሞተር ላይ ማግኔቱ አልወጣ ቢለኝ ከነብረቱ ልቁረጠው ብዬ በግራይንደር ጀመርኩት፣ ነጭ ብልጭታ ነው የሚረጨው፣ ቆርጬ ጨርሼ ምሳ ልበላ እጄን ስታጠብ መሬት ላይ የተከመረው ዱቄት መጋል ጀመረ፣ እኔ ሞኙ ባልዲ ውሀ ደፋሁበት፣ ባሰበት፣ ቀለም ቆርቆሮው ላይ ሳይደርስ ጎረቤቴ ነው ባካፋ አሸዋ ደፍቶ ያዳፈነልኝ። የኒዮ ዱቄት ራሱን በራሱ ይቃጠላል፣ ውሀ ጠላቱ ነው፣ ደረቅ አሸዋ አጠገብህ ይኑር። ምጣድ ላይ አሙቄ ጉልበቱን ልግደል ብለህም አታስብ፣ ጉልበቱ ፈጽሞ የሚጠፋው ከ310 ዲግሪ በላይ ነው፣ እስከዛ ድረስ ኮላውና ቅቡ የሚያጨሰውን ነው የምትተነፍሰው፣ ምጣዱም ለእንጀራ አይሆንም ባለቤትህም አትምርህም። ጉልበቱን መግደሉ ደሞ ላያስፈልግ ይችላል፣ እንግሊዝ በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት ዘዴ ማግኔቱን ሃይድሮጂን ያጠጣዋል፣ ሃይድሮጂኑ ሲገባበት አብጦ ወደ ዱቄትነት ይፈርሳል፣ ጉልበቱም እዛው ይሞታል፣ የኒኬሉ ቅብ ልጣጭ ሆኖ በወንፊት ይቀራል፣ ዱቄቱ ተመልሶ ማግኔት ይሆናል። አየር ላይ ያቃጠልከው ግን ኦክሳይድ ሆኖ ለነሱ ዋጋው ይወርዳል።

አቀማመጡ፣ ደረቅ ቦታ፣ በእያንዳንዱ መሃል ካርቶን ወይ ቀጭን እንጨት፣ ሳጥኑ ላይ ከምን እንደወጣና ኪሎው ይጻፍ። ልብ ላይ መሳሪያ የተተከለለት ሰው አይጠጋ። ልጆች ካሉህ ቁልፍ ያለው ሳጥን፣ ምክንያቱም ልጅ አንድ ሚጢጢ ማግኔት ቢውጥ በሰገራ ሊወጣለት ይችላል፣ ሁለት ከዋጠ ግን አንጀቱ ውስጥ በሁለት በኩል ተሳስበው መሃላቸው ያለውን ይበሱታል፣ ያኔ ቶሎ ሆስፒታል ነው እንጂ እስኪወጣ እንጠብቅ አይባልም።

መሸጡን በተመለከተ ቁርጡን ልንገርህ። ከ60ው ኪሎ ኒዮው ምናልባት 4 ወይ 5 ኪሎ ቢወጣህ ነው፣ በዛ መጠን ውጪ የሚልክልህ የለም። እኔ ተለማምጄ በሰዓት 10 ሃርድ ዲስክ እፈታለሁ፣ ከሱ 150 ግራም ገደማ ማግኔት አገኛለሁ፣ የዛን ሰዓት እንጀራ የሚያበላኝ ግን አብሮ የሚወጣው 3 ኪሎ ገደማ አልሙኒየምና ቦርዱ ነው። ጃፓኖቹም ይሄ አድክሟቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ሂታቺ ሃርድ ዲስክ ከበሮ ውስጥ እያሽከረከረ የሚያላቅቅ ማሽን አሳየ፣ ራሳቸው እንዳሉት በእጅ ሰው በሰዓት 12 ማግኔት ሲያወጣ ማሽኑ 100 ያወጣል። ስለዚህ ማግኔቱን እንደ ጎን ስራ ያዘው፣ ሃርድ ዲስኩን ለአልሙኒየም ስትፈታ ማግኔቱን ጣል እያረግክ ሳጥን መሙላት፣ ከደብረ ሲና ከአጣዬ ካሉ ጠጋኞች ጋር ሆናችሁ ብታጠራቅሙት ደሞ የሚታይ ነገር ይሆናል። ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ በብዛት መሰብሰብ ራሱ ፈቃድ ይፈልጋል፣ አዋጅ ቁጥር 1090/2010ና ደንብ ቁጥር 425/2010 አሉ፣ አካባቢ ጥበቃ ቢሮ ሄደህ ቀድመህ ጠይቅ። ከነቦርዱ ከነአካሉ ውጪ ልላክ ካልክ ደሞ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ አደገኛ ቆሻሻ ከአገር አገር ሲሻገር በሚቆጣጠረው የባዝል ስምምነት ተቀባዩ አገር ቀድሞ እሺ ሳይል አይንቀሳቀስም። በአውሮፕላንም ዝም ብሎ አይጫንም፣ ከ4.6 ሜትር ርቀት ላይ ከተፈቀደው በላይ የሚሰማ ማግኔት ከሆነ አይቀበሉህም፣ ኮምፓስ ስለሚያሳስት።

ጥቁሩን 50 ኪሎ ግን አትጣለው። የስፒከር ቀለበቱን ከነላሜራው እንዳለ ወፍጮ ቤት ውሰደው፣ እህሉ ወደ ድንጋዩ በሚወርድበት ሰንዱቅ አፍ ላይ ሲታሰር ምስማሩን ሽቦውን ብሎኑን ይይዛል፣ እኔ እዚህ ለሶስት ወፍጮ ቤት አስሬያለሁ፣ አንዱ ባለወፍጮ በሳምንቱ የሰበሰበውን ምስማር በቆርቆሮ ይዞ መጣና አሳየኝ፣ ከዛ ወዲህ ሌላ እየላኩልኝ ነው። ቀለበቱን በየሳምንቱ በጨርቅ እንዲያብሱት ንገራቸው።

እና ፎቶው ላይ በቀኝ በኩል ጥግ፣ ከባጃጁ ቅስት ስር ግማሹ የታየው ብርማ የፈረስ ኮቴ የሚመስለው፣ እሱ አልኒኮ ይመስለኛል፣ ኮባልትና ኒኬል አለበት። ውሀ ውስጥ መዝነውና ቁጥሩን ጻፍልኝ።